የበሰቃ ውሃ እና የአባቴ ቦታ

እኛ ሰፈር «ኢንጂነር» ነው የሚሉኝ። ኢንጂነር አይደለሁም። አዳማ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት የሲቪል ምህንድስና ቴክኖሎጂ ነው። ኢንጂነሩ ወረቀት ላይ ያሰበውን እኛ መሬት ላይ እናወርደዋለን፤ እንለካለን፣ ችካል እንተክላለን፣ ኮንክሪቱ በደንብ መቦካቱን እናያለን። ይህን ልዩነት ለሰፈሬ ሰዎች ለማስረዳት መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ደክሜያለሁ። የሰማኝ የለም። የተበላሸ ሬዲዮ ያመጡልኛል፣ ዲሽ አስተካክይልን ይሉኛል፣ አልችልም ስል ደግሞ «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስትማሪ ነበር?» ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። በመጨረሻ ተውኩት። ኢንጂነር ካሉኝ ኢንጂነር ነኝ።

ምን እንደተማርኩ በትክክል የገባው አባቴ ብቻ ነበር። እሱም ማንበብ አይችልም።

ሰፈራችን መተሐራ አጠገብ ካሉት የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች ካምፖች አንዱ ነው። አባቴ በወጣትነቱ አገዳ ሊቆርጥ ከከምባታ መጣ፤ እናቴ ከወሎ መጥታ አረም ስታርም ተገናኙ። ለአንድ ወቅት ብለው የመጡ ሰዎች እዚያው ቀሩ። እሱ የእሷን ቋንቋ እየሰበረ ለመደ፣ እሷም የእሱን አገር ምግብ መሥራት ለመደች። በዓል ሲመጣ ጎረቤቶቻችን ሻንጣ ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው ሲሄዱ እኛ ሦስታችን ካምፕ ውስጥ እንቀራለን። «አንተ እዚህ አገር ማን አለህ?» ብለው ሲጠይቁት በአገጩ ወደ እናቴ ይጠቁማል። ሌላ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በሆድ ሕመም ሞተች። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ መቃብር የሚቆፈረው በታችኛው በኩል፣ አፈሩ በለሰለሰበት፣ ፊቱን ወደ በሰቃ ሐይቅ ባዞረው ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ቀበርናት። ሰዉ ተበትኖ ሲያበቃ አባቴ ብቻውን ወደ ላይ ወጥቶ ጥቁር ድንጋዮች እየተሸከመ አወረደ። ከእናቴ ጎን፣ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ በድንጋይ ከበበ። የራሱ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይሄድና ድንጋዮቹ መካከል ይቀመጣል። ሣሩን ይነቅላል፣ ከእሷ ጋር ያወራል፣ አንዳንዴም ይተኛል። ልጅ ሆኜ አፍርበት ነበር። ጓደኞቼ ያዩት ይሆን ብዬ እሸማቀቅ ነበር።

ያኔ ሐይቁ ሩቅ ነበር። ነገር ግን በሰቃ እንደ ሌሎቹ ሐይቆች አርፎ የሚቀመጥ አይደለም። ይሰፋል። የከረዩ ከብት አርቢዎች ግጦሻቸውን ሲወስድባቸው አይተዋል፣ አሮጌውን መንገድ ውሃ ሲገባበት አይተናል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ሲደርስ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል፣ መሬቱም ነጭ ይሆናል። እኛ ጋ ሰዎች «መጣ» ነው የሚሉት፤ «ሐይቁ እዚያ ድረስ መጣ»። አባቴም እሁድ ከመቃብሩ ሲመለስ «እንዴት ነው?» ስለው ስለ ራሱ አይመልስልኝም። «ትንሽ መጣ» ይለኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። አለቀስኩ። አባቴ አዳማ ድረስ አብሮኝ መጥቶ ኮሌጁ በር ላይ፣ ባጃጆቹ መካከል፣ ጫማውን በመሐረቡ ጠራርጎ ገባ። የመዘገበን መምህር ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር። ከዚህ ክፍል የሚወጣ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አንድ በአንድ ዘረዘረልን፤ ቀያሽ፣ የሕንፃ ነዳፊ፣ የሥራ መጠን አስሊ፣ ፎርማን፣ ሲሚንቶና አፈር የሚመረምር የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን። እኔ ነዳፊነቱ አማረኝ። ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ የሚሠራ ሥራ መሰለኝ።

አባቴ ግን «ጌታዬ፣» አለው መምህሩን፣ «መሬት የትኛው ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ የሚያውቀው የትኛው ነው?»

«ቀያሹ ነዋ፣ አባቴ።»

ወደ እኔ ዞረ። «እሱን አጥብቂ» አለኝ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የእርሻ ሰው ስለሆነ መሬት ደስ ብሎት ነው ብዬ አለፍኩት።

አዳማ ስማር ከወለንጪቲ ከመጣች ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። በመማሪያ ክፍላችን ያለነው ሴቶች ጥቂት ስለነበርን ወንዶቹ ሦስት እግር ያለውን የመሣሪያ ማቆሚያ ተሸክመን ስናልፍ ይስቁብናል። እሷ «ሳቁ፣ ሳቁ፣ ነገ ደመወዝ የምንከፍላችሁ እኛ ነን» ትላቸዋለች። ከሁላችንም ጎበዟ እሷ ነበረች። የኮሌጁ ኳስ ሜዳ ላይ ሌቭል የሚባለውን የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ተክለን፣ አንዳችን በመነጽሩ እያየን ሌላችን ሜዳው ዳር ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ቀጥ አድርገን ይዘን እንውላለን። ዘንጉ ላይ የሚነበበው ቁጥር መሬቱ ምን ያህል ዝቅ ወይም ከፍ እንዳለ ይነግራል፤ ነገሩ በቃ ይኸው ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ዓይናችን ውስጥ ሲሞጅረው እሷ ዘንጉን በሁለት እጇ አቅፋ «ቶሎ አንብቢ፣ ልበር ነው!» ብላ ትጮህብኛለች። ደስተኛ ነበርኩ። አሁን ሳስበው የደስታ ዘመኔ ያ ነበር።

በዕረፍት ቤት ስመጣ አባቴ ምን እንደተማርኩ ይጠይቀኛል። ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ስነግረው በትህትና ያዳምጠኛል። ስለ ሌቭሉ ሳወራ ግን ከመደቡ ይነሳና አጠገቤ መጥቶ ይቀመጣል። «ታዲያ ሩቅ ያለም ይታያል? ውሃ ዳር ሆነሽ ላይ ያለውን?» ይለኛል። «ይታያል፣ አባዬ።» «አይሳሳትም?» «ሰውየው ካልተሳሳተ አይሳሳትም።» ይህንን መልስ ወደደው። ለጎረቤት ሁሉ ደጋገመው።

ከተማርኩት ሁሉ አንድ ቀን በተለይ ትዝ ይለኛል። ቆቃ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ሕንፃ ለልምምድ ወሰዱን። የመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ እንኳን ቆመው ያዩታል። የወሰደን ያው የመዘገበኝ መምህር ነው። ቦት ጫማውን አጥልቆ ገባበት። «ስትቆፍሩ ውሃ ብታገኙ አትደንግጡ» አለን። «እንግዳ መጣ ማለት ነው። ወዴት እንደምትሸኙት ብቻ አስቡ።» ከዋናው ጉድጓድ ጎን ጠለቅ ያለ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ አስቆፈረ። ውሃው ወደዚያ ተሰበሰበ፤ በፓምፕ እየሳቡ ደፉት። ግድግዳው እንዳይናድ ጣውላ አስደግፈው፣ በአጣና ወጥረው ያዙት። ከሰዓት በኋላ የጉድጓዱ ወለል ደረቀ። የወለንጪቲዋ ጓደኛዬ ወርዳ ወለሉን በመዳፏ ነካችው። «እስቲ ነይ ንኪው፣ እንግዳው ሄዷል» አለችኝ። መምህሩም «ሞተሩ እስካልቆመ ድረስ ነው» አለን።

ስንመረቅ ሁላችንም ፎቶ ተነሳን፤ ወዲያው ተበታተንን። አንዱ አዳማ ውስጥ ኮንክሪት እየሰበረ ጥንካሬውን የሚለካበት ላቦራቶሪ ገባ። አንዱ ሥራ ሲያጣ ባጃጅ ያዘ፤ እስካሁን ከፊቱ መስታወት ላይ የምረቃ ፎቶውን ለጥፏል። የወለንጪቲዋ ጓደኛዬ፣ ጎበዟ፣ ሥራ ፍለጋ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስትዞር ከረመችና አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች። አንዴ «የእመቤቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ያዘነበለው ወደ ሳሎን ነው፤ ውሃው ሁልጊዜ ወደ ምንጣፉ ይሄዳል፤ እኔን ትቆጣኛለች። የቀያሹ ጥፋት ነው ብላት ትገድለኛለች» ብላ ሳቀች። መልሼ መልሼ ሰማሁት። ሳቋ መሃል ላይ ይቆረጣል።

እኔ ዕድለኛ ነበርኩ። ከወለንጪቲ ወደ መተሐራ በሚወስደው አቅጣጫ መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ረዳት ቀያሽ አድርጎ ቀጠረኝ። የመጀመሪያውን እሁድ ቤት ስመጣ አባቴ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቶ ነበር። የሚያስለው ሳል አገዳ ሲቃጠል ሲውጠው የኖረው ጭስ ነው ብለን ንቀነው የቆየነው ነው።

«መሣሪያው አለሽ?» አለኝ፣ ገና ሰላም ሳንባባል።

«የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ አባዬ።»

«ለአንድ ቀን ለምኚልኝ። እናትሽን እይልኝ። ውሃው ይደርስባታል ወይስ አይደርስባትም?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኮሌጁ ውስጥ «እሱን አጥብቂ» ያለኝ ለዚህ ነበር። እኔ ሥራ ልይዝ ስማር እሱ ዓይን እያሠራ ነበር። ልቤ ተነካ፣ ተናደድኩም። አስቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ፎርማኑን አስፈቀድኩ። በሚቀጥለው እሁድ የመኪናችን ሹፌር፣ የዚያው አካባቢ ኦሮሞ ልጅ፣ መሣሪያውን ይዞልኝ መጣ። አባቴ ሸሚዙን ቀይሮ ነበር። ሹፌሩ «አካም ጅርታ፣ አባባ» ሲለው በኦሮምኛ መለሰለትና ወዲያው ዘንጉን ተቀበለው። ለማንም አልሰጥም አለ። መጀመሪያ ውሃው ዳር ሄዶ ያዘልኝ፤ አነበብኩ። ከዚያ ሜዳውን እያለከለከ ተሻገረና ዘንጉን በእናቴ እግር ሥር አቆመው። በመነጽሩ ውስጥ አየሁት፤ ሁለት እጁ ዘንጉን ጨብጧል፣ ዓይኑን ወደ እኔ ተክሏል። ቁጥሩን ከማንበቤ በፊት ፊቱን አነበብኩ።

ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ እንደ ጉልበት ከፍታ ቢሆን ነው። የእሱ ቦታ፣ በድንጋይ የከበበው፣ ከእናቴም ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር።

«ይደርሳል፣ አባዬ» አልኩት።

«መቼ?»

«መቼውን መሣሪያው አይናገርም።»

ዘንጉን አቀፈው። ሹፌሩ ወደ መኪናው ዞር አለልን። አባቴ «እንግዲያው ገና አቅም ሳለኝ ወደ ላይ እናውጣት። ሁለታችንም እዚያ እንሁን» አለኝ። ላይ ድንጋዩ መካከል ደረቅ ቦታ ነበር፤ አስቸጋሪ ቢሆንም ይቆፈራል። አባ፣ የደብሩ ቄስ፣ አፅም ማፍለስ በሥርዓቱ ከሆነ ይቻላል ብለው ፈቀዱ። እኔ ግን አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነበር። ሌቭል የሚያሳየው የሚታየውን ውሃ ነው፤ ከመሬት በታች ያለውን አያሳይም። እናቴን ከመንካታችን በፊት አባቴ ቦታ ላይ ትንሽ መሞከሪያ ጉድጓድ እንቆፍር አልኩ። እሱም ተስማማ።

ወገባችን ጋ ሳይደርስ አፈሩ ጠቆረ። ቀጥሎ ከግድግዳው ላብ የመሰለ ውሃ ወጣ፣ ተንጠባጠበ፣ ወለሉ ላይ ተኛ። በባልዲ ቀዳነው፤ ተመለሰ። ግድግዳው በአንድ በኩል ተናደ። ሐይቁ ገና ወዲያ ማዶ ነበር፤ ውሃው ግን ከሥር ቀድሞ ደርሶባታል። አባ መስቀላቸውን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አዩት። «ልጆቼ፣ ይቺን ሴት አትንኳት። አርፋለች፣ ትረፍ» አሉ።

አባቴ ከባልዲው ጋር ቆሞ ቀረ። እጁን ይዤ ላወጣው ስል «በቃ» አለኝ። «እሷ ካልወጣች እኔ እገባለሁ። ቦታዬ ይኸው ነው።»

«አባዬ፣ ይሄ ውሃ ነው! ሰው ውሃ ውስጥ አይቀበርም!»

«እሷ ምን ውስጥ ናት ታዲያ?»

ያን ቀን ሁለታችንም ተቆጥተን ተለያየን። ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ተጨቃጨቅን። ላይ ያለውን ደረቅ ቦታ እንዲያይ ለመንኩት፤ ዞሮም አላየው። የእድሩ ዳኛ መክረውት ነበር፣ አልሰማቸውም። አንድ ጊዜ ሲያስለው ቆይቶ በቀስታ «እዚህ አገር ዘመዴ እሷ ናት። ላይ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ መከራከር አቆምኩ። ግን እሺም አላልኩትም።

የሞተው ማለዳ ነው። ሥራ ቦታ፣ ችካል እየተከልኩ ሳለ ስልክ መጣልኝ። መኪና ውስጥ አላለቀስኩም። ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ እነሱን ሳይ ነው ፍራሹ ላይ የወደቅኩት። ከፍራሹ ያነሱኝ የእድሩ ዳኛ ናቸው። «ልጄ፣ የእድሩን ልጆች ላይ ልከናቸዋል፣ ድንጋዩ መካከል ይቆፍሩለታል። ታች እንደማይሆን አንቺም ታውቂያለሽ» አሉኝ።

አውቃለሁ። ከሳቸው በላይ አውቃለሁ። እሺ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከድንኳኑ ወጥቼ ግን ታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ፣ ጥቁር ድንጋዮቹን አየኋቸው። አባቴ የሞከርንበትን ጉድጓድ ደፍኖ፣ ድንጋዮቹን መልሶ በቦታቸው ደርድሮአቸዋል። ያንን መቼ እንደሠራ አላውቅም፤ በዚያ ሳል፣ በዚያ አቅም።

«ታች ነው» አልኩ።

«ልጄ፣ ሬሳ ውሃ ላይ አናስቀምጥም። የእድሩ ልጆች እምቢ ይላሉ።»

«ውሃ ላይ አይቀመጥም። ውሃውን አወጣዋለሁ።»

ፎርማኔ ጋ ደወልኩ። ሐዘኔን ነገርኩት፣ ቀጥዬ ስለ ሥራ የማወራ ይመስል ፓምፕ፣ ረጅም ቱቦ፣ ጣውላና አጣና ጠየቅኩት። «ለመቃብር ነው?» አለኝ። «ለመቃብር ነው» አልኩት። «መጣሁ» አለኝ። ከወለንጪቲ በኩል፣ ከመንገድ ሥራው ካምፕ፣ ራሱ ከሹፌሩና ከሦስት ሠራተኞች ጋር መጣ።

ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ቦት ጫማ አደረግኩ። ሴቶቹ አበደች አሉ። ሰማኋቸው፤ ግድ አልሰጠኝም። የአባቴን ድንጋዮች አንድ በአንድ አንስቼ ለብቻ ከመርኳቸው። ከቦታው ወዲያ፣ ከእናቴ በተቃራኒው በኩል፣ ጠለቅ ያለ ትንሽ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ቱቦውን ከተትንበት። ሞተሩ ተነሳ። ውሃው በቱቦው ወጥቶ ወደ ሐይቁ ቁልቁል መፍሰስ ሲጀምር ቆመው ሲያዩ የነበሩት የእድር ልጆች አንድ በአንድ አካፋ እያነሱ ገቡ። ማንም አላዘዛቸውም።

ወገብ ላይ ስንደርስ አፈሩ እንደ ያኔው ጠቆረ፤ ነገር ግን ውሃው ወደ ትንሹ ጉድጓድ ዞረ። የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። በእናቴ በኩል ያለው ግድግዳ ተሰነጠቀና ጥቂት አፈር ፈረሰ። «ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። በራሴ እጅ ጣውላውን አስጠጋሁ፤ ፎርማኔ አጣናውን በመዶሻ ወጠረው። ጀርባዬን ጣውላው ላይ አስደግፌ ቆየሁ፤ ይያዝ፣ አይያዝ ላውቅ። ከዚያ ጣውላ ኋላ እናቴ ነበረች። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ እንደዚያ ቀርቤያት አላውቅም። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ጭቃ ለብሼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ድምፄን ለቅቄ። ሞተሩ ይጮኽ ስለነበር ብዙም አልተሰማሁ።

ጣውላው ያዘ። ወደ ሙሉው ጥልቀት ደረስን። ወለሉን በደረቅ ጠጠር ሸፈንነው፤ በላዩ ላይ ከላይ ያመጣነውን ደረቅ አፈር ነሰነስንበት። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ነካሁት። ደረቅ ነበር። የወለንጪቲዋ ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። የተማርኩት ሁሉ፣ ኳስ ሜዳው፣ ነፋሱ፣ የሳቁብን ወንዶች፣ ለዚያ ወለል ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ድልድይም ሠርተናል፣ የጎርፍ ማፋሰሻም ሠርተናል። እንደዚያ የተጠነቀቅኩበት ሥራ ግን የለም።

አስከሬኑ ሲደርስ ፎርማኔ ወደ ሞተሩ ሄዶ «ለጸሎቱ ላጥፋው?» አለ።

«ካጠፋኸው ይመለሳል» አልኩት።

አባ ሰምተውናል። «አታጥፉት። እኔ እጮኻለሁ» አሉ። እውነትም ጮኹ። ያረጀ ድምፃቸው እየተሰነጣጠቀ ከሞተሩ በላይ ፍትሐቱን አደረሱ። አንዳንዱ ቃል ተሰማ፣ አንዳንዱ አልተሰማም። አባቴን አወረድነው። ሳጥኑ ወለሉን ሲነካ ያሰማው ድምፅ የደረቅ መሬት ድምፅ ነበር፤ ለዚያ ስል ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። አፈር መለስን። ጣውላውን አላወጣሁትም፤ በሁለቱ መካከል ቀረ። ይህን እያሰብኩ አንዳንዴ እበሳጫለሁ፤ ግን ባወጣው እናቴ በኩል ይናድ ነበር። ጥቁር ድንጋዮቹን እሱ እንደደረደራቸው መልሼ ደረደርኳቸው። እናቴንም እንዲከብቡ ጥቂት ጨመርኩ፤ አሁን ዙሪያው የሁለቱ ሆነ።

ሰዉ ወደ ድንኳኑ መመለስ ጀመረ። የእድሩ ዳኛ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ ጥሩ አደረግሽ። አሁን አጥፊውና እንሂድ» አሉኝ። ፎርማኔም ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ዕቃው የእሱ ኃላፊነት ነው። ሞተሩ ጋ ሄድኩ። ቁልፉ ቀይ ነው፣ በአንድ ጣት የሚነካ። እጄን ዘረጋሁ። «ሞተሩ እስካልቆመ ድረስ ነው» ያለን መምህራችን ትዝ አለኝ።

አልቻልኩም። ዞሬ «እናንተ ሂዱ» አልኳቸው።

ፎርማኔ አየኝና ሠራተኞቹን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። ቤንዚን ጨምርበት ብዬ ብለምነው ይጨምርልኝ ነበር፤ አልለመንኩትም። ሹፌሩ ብቻ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ድንጋዮቹ ጋ፣ አባቴ እሁድ እሁድ በሚቀመጥበት በኩል ተቀመጥኩ። ውሃው በቱቦው እየወጣ፣ ነጩን መሬት እያራሰ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። ፀሐይ ወደ አዳማ በኩል ዘቅዘቅ ስትል ሞተሩ አንዴ ተንገጫገጨ፣ አንዴ ተነሳ፣ ከዚያ ቤንዚኑ አለቀና ቆመ።

ትንሹ ጉድጓድ አጠገቤ ነበር። ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚሞላው፣ ከዚያም ወደ አባቴ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅበት ማስላት እችላለሁ፤ ተምሬዋለሁ። አላሰላሁም። ሹፌሩ መጥቶ እጄን እስኪይዘኝ ድረስ ፊቴን ወደ ድንጋዮቹ አድርጌ ተቀመጥኩ።